ረቡዕ ቀን ስለታሸገው የበሬ ልብ

ቡታጅራ፣ የካቲት ፲፭ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ዓለምዘውድ
የሥጋና የወተት ንጽሕና ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት ሹም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም። ካለፈው ወር ወዲህ ጠረጴዛዎ ከቢሮዎ ወደ ኮሪደሩ፣ ከኮሪደሩ ወደ በረንዳው፣ ከበረንዳውም ግቢው ውስጥ ወዳለው ዋንዛ ሥር ሲወጣ በዓይኔ ስላየሁ በእውነት አሳስቦኝ ነው። ፀሐዩ እንዳይበረታብዎ፣ ነፋሱ ወረቀትዎን እንዳይበትንብዎ፣ ይልቁንም አቅጣጫውን ለውጦ ከአሮጌው መጋዘን በኩል እንዳይነፍስብዎ ዘወትር እመኝልዎታለሁ። ባለቤትዎና ልጆችዎም በመልካም ጤና እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ አመልካቹ አዳነ ወልደጊዮርጊስ የቸሃ ተወላጅ ስሆን በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ስሜን የሚያውቁት ይመስለኛል፤ በእጅዎ ጽፈው በአሮጌው መጋዘን በር ላይ በለጠፉት ማስታወቂያ ላይ «ፈቃድ የሌለው ሥጋ ቤት ባለቤት» ብለው ያከበሩኝ እኔ ነኝ። ሦስት ማመልከቻ በደንቡ መሠረት አቅርቤ መልስ ለመስጠት ጊዜ እንዳነሰዎ ስለተረዳሁ፣ ይህን አራተኛውን ማንም ሊያነበው በሚችል ቦታ ማኖር ግድ ሆኖብኛል። አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ፣ ሌላው በአበራ ሥጋ ቤት በር ላይ ተለጥፏል። የአበራው በዝቶ የሚነበብ ስለሆነ ጽሕፈቱን ከፍ አድርጌዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን ከመነሻው ላስረዳ። ዘንድሮ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አምስቱ በአዲስ አበባ ለሚሰጠው የጤና ኮሌጅ መግቢያ ፈተና ተመዘገቡ። ፈተናው በጽሑፍና በእጅ ነው። በእጅ የሚሰጠው ክፍል፣ ትኩስ የበግ ልብ ይቀርብና ተማሪው በምላጭ ከፍቶ እያንዳንዱን ክፍል በጣቱ እየነካ ስሙንና ሥራውን የሚናገርበት ነው። በትምህርት ቤታችን መጽሐፍ ውስጥ ያለው አንድ የልብ ሥዕል ነው፤ እርሱም ቀለም ፈሶበት ግማሹ አይታይም። ስለዚህ ልጆቹ እውነተኛ ልብ ይዘው እንዲለማመዱ ወሰንኩ። የርስዎ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ከቢሮዎ ጀርባ ያለውን አሮጌ መጋዘን ለቤተ ሙከራ አውሶን ነበር፤ ለዚህ ያኔም አመስግኛለሁ፣ ዛሬም አመሰግናለሁ።

ከአምስቱ ልጆች አራቱ እስላሞች ሲሆኑ አንዷ ክርስቲያን ናት። ከአራቱ አንዷ ሀጀራ ትባላለች፤ ቆሼ ላይ ሱቅ ያላቸው የበርበሬ ነጋዴ የአቶ ሸረፋ ልጅ ናት። ክርስቲያኗ ወርቅውሃ የሟቹ የፍርድ ቤት ጸሐፊና የወይዘሮ የሺመቤት ልጅ ናት። ሁለቱ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ አንድ እርሳስ ለሁለት ሰብረው የሚጽፉ ባልንጀሮች ናቸው። አቶ ሸረፋ ልጃቸውን ለማስመዝገብ ቢሮዬ የመጡ ዕለት ቁርጡን ነግረውኛል። «ብቻዋን አዲስ አበባ አልሰዳትም። ወርቅውሃ ካለፈች አብረው ይሂዱ፤ ወርቅውሃ ካላለፈች ሀጀራም ብታልፍ ቆሼ ሱቅ ትቀመጣለች» አሉ። እንግዲህ ክቡርነትዎ የአንዷን በር ሲዘጉ የሁለቱንም እንደዘጉ ከዚህ ይረዱልኛል። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ረቡዕ።

አረፋ ሰኞ ዋለ። እነ አቶ ሸረፋ በሬ አረዱ። በቤታቸው ደንብ ልቡ የሀጀራ አክስት የወይዘሮ አሚኔ ድርሻ ነው፤ ከእርሳቸው በፊት እናታቸው፣ ከእናታቸውም በፊት አያታቸው ሲወስዱት የኖረ ነው። እኒህ ወይዘሮ ለትምህርት እንደሚፈለግ ሲነገራቸው፣ እኔ ብበላው ለአንድ ቀን ነው፣ እርሷ ከተማረችበት ግን ነገ የኔኑ ታክምልኛለች ብለው በኮባ ጠቅልለው ሰጡ። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት የተማሪ ፍላጎት ምን እንደሆነ በአንድ ቃል ገባቸው። ይህን የጻፍኩት ለማነጻጸር አይደለም።

ማክሰኞ አራቱ ልጆች ልቡን ከፈቱት። ወርቅውሃ ግን እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች፤ እናቷ የእስላም ሥጋ እንዳትነካ አስጠንቅቀዋት ነበርና። አልተቆጣኋትም። ለአንድ ሠርግ ሁለት በሬ በሁለት ቢላ ታርዶ በሁለት ድስት የሚሠራበት አገር ሰው ስለሆንኩ ነገሩን አውቀዋለሁ። ሀጀራን ግን አላስቻላትም መሰለኝ፤ የዚያኑ ዕለት አመሻሹ ላይ እስላም ሴት ቆማ በማታውቅበት በአበራ ሥጋ ቤት በር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማ፣ ለባልንጀራዬ የክርስቲያን ልብ ስጡኝ አለች። በቤቱ የነበረው ሰው ሁሉ አፉ ላይ ያደረሰውን ጉርሻ ይዞ ቀረ ይባላል። አበራም በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣት።

ረቡዕ ጠዋት በሦስት ሰዓት በመጋዘኑ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ አሰናዳሁ። በአንዱ ላይ የእስላሙ ልብ፣ በሌላው ላይ የክርስቲያኑ ልብ ተቀመጠ። በኔ በኩል ሁለቱን አገላብጬ አይቼ ልዩነት አጥቻለሁ፤ ሁለቱም አራት አራት ክፍል ነበራቸው። ወርቅውሃ ምላጩን ይዛ ጎንበስ እንዳለች ክቡርነትዎ ከሁለት ዘበኞችና ከአንድ የማሸጊያ ሰም ጋር ገቡ። ስለ ፈተናው፣ ስለ ኮሌጁ፣ ስለ ልጆቹ አንድ በአንድ አስረዳሁ። ክቡርነትዎ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ በቀን ስንት ኪሎ እንደምሸጥ ጠየቁኝ። ሥጋ ሻጭ አለመሆኔን ደግሜ ባመለክትም «አቶ አዳነ፣ ሥጋ ሥጋ ነው፤ ማኅተም የሌለው ሥጋ የሚቆረጥበት ቤት ደግሞ ሥጋ ቤት ነው» ብለው በሩን አሸጉት።

ክቡር ሆይ፣ የሕግ ዕውቀትዎን ለመንካት አልደፍርም። ነገር ግን አንድ ነገር እስከ ዛሬ ሊገባኝ አልቻለም። ቀኑ ረቡዕ ነበር። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት የክርስቲያን ሥጋ የማይበሉ አራት እስላሞች፣ የእስላም ሥጋ የማትበላና ረቡዕን የምትጾም አንዲት ክርስቲያን፣ እንዲሁም ደረቅ ቆሎ በኪሱ ይዞ የገባ አንድ ጾመኛ መምህር ነበሩ። እንግዲህ ይህ ሥጋ ቤት ለማን ነው የሚሸጠው? በመላው አውራጃ ያን ዕለት ያን ሥጋ ሊበላ የማይችል ስድስት ሰው ሰብስብ ብባል ከዚህ የተሻለ መምረጥ አልችልም። ባለፈው መስቀል አበራ ቤት ለክቡርነትዎ ክትፎ ሲቀርብ በአቅራቢያው ነበርኩ፤ ማኅተሙን ሲጠይቁ ግን አልሰማሁም። ምናልባት ሲጠይቁ አፍዎ ሞልቶ ይሆናል።

ሁለተኛ፤ ስለ ቅጹ።

እሽጉ እንዲነሣልኝ ላመለክት በማግሥቱ ጽሕፈት ቤትዎ ቀረብኩ። ጸሐፊዎ በትሕትና ተቀብለው፣ ማመልከቻ በተራ ወረቀት እንደማይቀበሉና «የእሽግ ማንሻ መጠየቂያ» የተባለውን ቅጽ መሙላት እንዳለብኝ ነገሩኝ። ቅጹ የት እንደሚገኝ ብጠይቅ በአሮጌው መጋዘን፣ በግራ በኩል ባለው ቁም ሣጥን፣ በሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ መሆኑን አስረዱኝ። አሮጌው መጋዘን ደግሞ ታሽጓል። ታዲያ እንዴት ይሁን ብል፣ እሽጉን አስነሥተው ቅጹን ማውጣት እንደምችል፣ ለዚያ ግን ቅጹ እንደሚያስፈልግ ገለጹልኝ። ይህን ሲነግሩኝ ፈገግ እንኳ አላሉም። የደም ዝውውርን ለስምንት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ዞሮ መግቢያ ያለው ዝውውር ግን አላጋጠመኝም።

ሦስተኛ፤ ስለ አሚቾው።

ለፈተናው ሃያ አራት ቀን ቀርቶ ነበር። ክቡርነትዎ ሌላ ልብ እንዳልፈልግ፣ ለትምህርት ቤት ብልት የሰጠ ሥጋ ቤት ፈቃዱን እንደሚነጠቅ በማስታወቂያ አስነገሩ። አበራ አራት ልጆች አሉት፤ አልፈረድኩበትም። አርሶ አደሮቹም ስለ ፈሩ ዶሮ እንኳ የሚሰጠኝ ጠፋ። ስለዚህ እኔ የቸሃ ልጅ ያደግሁበትን ነገር አሰብኩና ከገበያ አሚቾ አስመጥቼ፣ ያንን የእንሰት ሥር በቢላ ጠርቤ ልብ አበጀሁ። ክፍሎቹን ፈለፈልኩ፣ የደም ሥሮቹን በሸምበቆ ተከልኩ፣ የግራውን በቀይ ቀለም የቀኙን በሰማያዊ ቀባሁ። ወርቅውሃ ሃያ ቀን ሙሉ አሚቾውን እየገለጠች ተማረችበት። በሃያ አንደኛው ቀን ደረቀና ተሰነጠቀ፤ ሌላ ጠረብኩ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተው። የልብ የግራ ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ደሙን ወደ ሰውነት ሁሉ የሚገፋው እርሱ ነውና። የቀኙ ስስ ነው። ቀለም ባይኖርም፣ ዓይን ቢጨፈን፣ ጣት የሚለየው በዚህ ነው። የኔ ቢላ ግን አሚቾውን እኩል አድርጎ ነበር የፈለፈለው። ይህን ያስተዋልኩት ልጆቹ አውቶቡስ ላይ ከወጡ በኋላ ነው፤ በዚያች ሌሊት አልተኛሁም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ክቡርነትዎ ያበረከቱት አስተዋጽኦ እንዳለ ሆኖ ማለቴ ነው።

አራተኛ፤ ስለ መስኮቱ።

ይህ እንኳ ንጹሕ ምስጋና ነው። ክቡርነትዎ ለሕዝብ ጤና በመቆርቆር መጋዘኑን ሲያሽጉ ሁለቱን ልብ፣ ከልቦቹም ጋር የመጡትን አንድ ሳንባና ግማሽ ጉበት በውስጡ እንዳሉ አሸጓቸው። ጨው ልነስንስባቸው ብለምን የተያዘ ማስረጃ አይነካም ተባልኩ። መስኮቱን ግን አላሸጉትም። መስኮቱ አንድ ጥጉ የተሰበረ ስለሆነ እኛ ከውጭ እናያለን፤ ከውጭ የሚገቡትም ይገባሉ። ትምህርት መቋረጥ ስለሌለበት አምስቱን ልጆች በየማለዳው በመስኮቱ ፊት አሰልፌ፣ ያዩትን በደብተራቸው እንዲመዘግቡ አዘዝኳቸው። ዘወትር የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፤ ቀኑ፣ ቦታውና መንስኤው ያልተጻፈበት ምልከታ ወሬ ነው እንጂ ሳይንስ አይደለም። አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ጻፉ።

ሽታው ወደ ቢሮዎ መግባት በጀመረ ጊዜ ክቡርነትዎ ሁለት የቆዳ ነጋዴዎችን አስጠርተው እንደገሠጹ ሰማሁ። ከሁለቱ አንዱ፣ ስሙ ከድሮ የሚባለው ነጋዴ፣ ቆዳውን ሁሉ ወደ አረቅጥ ልኮ ባዶ መጋዘኑን ቢያሳይዎም ሽታው አልቆመም፤ እንዲያውም ባሰበት። የቢሮዎና የታሸገው መጋዘን ግድግዳ አንድ መሆኑን ልጠቁምዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በተራ ወረቀት አይቀበሉም።

አምስተኛውን ትቼዋለሁ፤ የሚመለከተው ዘበኛዎን ነው፣ እርሱም እንደኔ ደመወዝተኛ ነው።

ልጆቹ ፈተናውን ወስደው ተመለሱ። ከአውቶቡሱ ሲወርዱ እኔ፣ ወይዘሮ የሺመቤትና አቶ ሸረፋ ቆመን ነበር። ወርቅውሃ ከእናቷ አልፋ ወደ እኔ መጣችና፣ ልቡ ሙቅና ሙልጭልጭ ነበር፣ ከእጄ አመለጠኝ፣ ግራና ቀኙን አገላበጥኩት አለችኝ። ሀጀራ ከጎኗ ሆና የአባቷን ፊት ታያለች። እርሷን በጽሑፉ ፈተና ምን ጻፍሽ ብላት ያየሁትን ጻፍኩ አለች። አቶ ሸረፋ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም፤ የልጃቸውን ጓዝ ተሸክመው ሄዱ። የቆሼውን ሱቅ መደርደሪያ በማግሥቱ ማስጠረግ ጀምረዋል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን በሚመጣው ዓመት ሌሎች ልጆች አሉና፣ እባክዎ በሩን ይክፈቱልን። ለመክፈት የሚያስፈልገው ቅጽ የት እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። ካስፈለገ እኔ በመስኮቱ ገብቼ ማውጣት እችላለሁ፤ የምጠይቀው አፍንጫዬን የምሸፍንበት ጨርቅ ብቻ ነው።

ዕድሜዎ እንደ ማስታወቂያዎ ይርዘም፤ ማኅተምዎ አይጥፋብዎ፤ ነፋሱም ሁልጊዜ ከፊት ለፊት ይንፈስልዎ እያልኩ፣ ካሸጉኝ ዕለት ጀምሮ ሳያመሰግንዎ የማያድር የማይውል፣

ታዛዥዎ
አዳነ ወልደጊዮርጊስ
በክቡርነትዎ ሹመት ሥጋ ሻጭ፣ በሙያው የባዮሎጂ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚህ በላይ ያለውን ጽፌ ልለጥፍ ስወጣ ፖስታ ደረሰኝ፤ ደብዳቤው ከኮሌጁ ፈታኞች ነው። አራቱ ልጆች አልፈዋል። ሀጀራ ከሁሉም በልጣለች፤ የበለጠችበትም ምክንያት ተገልጾልኛል። የጽሑፉ ፈተና «የሕዝብን ጤና የሚነካ፣ በዓይንህ ከሁለት ሳምንት በላይ የተከታተልከውን ነገር ጻፍ» የሚል ኖሮ፣ እርሷ ዝንብ ከእንቁላል ተነሥታ ትል፣ ከትልም ክንፍ እስክታወጣ ድረስ ያሳለፈችውን ቀን በቀን ዘርዝራለች። እንደ ተማረችውም ቀኑን አልዘለለችም፤ ቦታውንም፣ መንስኤውንም አልዘለለችም። መንስኤው በሚለው ሥር የክቡርነትዎ ሙሉ ስም ከነማዕረግዎ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። ፈታኞቹ እንዲህ ያለ የተሟላ ምልከታ አይተው አያውቁምና፣ በሚመጣው ሐሙስ የካቲት ፳፪ ቀን የክቡርነትዎን የበላይ አለቃ ይዘው ቦታውን ሊጎበኙ ይመጣሉ።

ስለዚህ ከላይ የለመንኩትን ልመና አንስቻለሁ። እባክዎ እስከ ሐሙስ በሩን እንዳይነኩት፤ ሰሙንም ፊርማዎንም እንደነበሩ ማየት ይፈልጋሉ።

ወርቅውሃን በሚመለከት ያጋጠማት እንቅፋት ከሀጀራ ጽሑፍ ስለታወቀ፣ በዚያው ዕለት የእጁን ፈተና ድጋሚ እንድትወስድ ተፈቅዶላታል። ቤተ ሙከራው የታሸገ በመሆኑ ፈተናው የሚሰጠው በከተማው የንጽሕና ተቆጣጣሪ በሚቀመጥበት ብቸኛ ጠረጴዛ ላይ፣ ይኸውም በክቡርነትዎ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዋንዛው ሥር ይሆናል። አቶ ሸረፋም ሊያዩ ከቆሼ ይመጣሉ። ቀኑ ጾም አይደለም፤ አበራ ጠዋት አርዶ ልቡን በትኩሱ ያመጣል፤ ደንቡ እንዳይፈርስ ግን መጀመሪያ ክቡርነትዎ ማኅተም ይመቱበታል። የትኛው ላይ እንደሚመታ ቢያጠራጥርዎ አይጨነቁ፤ የግራው ወፍራም ነው፣ የቀኙ ስስ፤ ወርቅውሃ እጅዎን ይዛ ታሳይዎታለች።